አባቴን ዋሻ ውስጥ ትቻቸው የሄድኩ ዕለት

የዚያን ዕለት ከሥራ የወጣሁት ጎህ ሲቀድ ነው። የምሠራው ቤት አቮት፣ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው፤ የሰው ሽማግሌዎችን አጥባለሁ፣ አለብሳለሁ፣ አጎርሳለሁ። ያን ሌሊት ሁለት ሠራተኞች ቀርተው ፎቁን ሙሉ ብቻዬን ይዤ ነበር ያደርኩት። ነታንያ፣ ኪርያት ኖርዳው ሰፈር፣ ቤታችን ስደርስ አባቴ ኮታቸውን ለብሰው፣ ባርኔጣቸውን ደፍተው በሩ ላይ ቆመዋል።

"አረፈድሽ" አሉኝ።

የሰፈራችን የአረጋውያን ሞዓዶን፣ ቀን የሚውሉበት ክበብ፣ ለቲዩል፣ ለአንድ ቀን ጉብኝት፣ ወደ ደቡብ ሊወስዳቸው ነበር። ከድንጋይ የተፈለፈሉ የጥንት ዋሻዎችን ጎብኝተው፣ አንድ ሸለቆ አይተው፣ ወደ ማታ ሊመለሱ። አስጎብኚው ዕብራይስጥ እንጂ አማርኛ ስለማያውቅ የሞዓዶኑ ኃላፊ እንዳስተረጉም ለመነችኝ። እምቢ ማለት ከበደኝ። አባቴማ ሳምንቱን ሙሉ ላገኙት ሰው ሁሉ "የምታስተረጉምልን ልጄ ናት" ሲሉ ነው የሰነበቱት። ፊቴን ታጠብኩና አብሬያቸው ወጣሁ።

አስጎብኚው ፀሐይ ያጠቆረው፣ ድምፁ የማይደክም ጎልማሳ ነበር። አንዱን ዋሻ ከሌላው እያነጻጸረ፣ ማን እንደኖረበት፣ ማን እንደቆፈረው ረጅም ያወራል። እኔ ግማሹን እየዋጥኩ፣ "ጥንታዊ ነው፤ ድንጋዩ ለስላሳ ነው፤ ሰው ነው የፈለፈለው" አልኩ።

"አንቺ ልጅ፣ እሱ ይህን ሁሉ ሲለፈልፍ ላንቺ የደረሰሽ ሦስት ቃል ብቻ ነው?" አለች አንዲት አሮጊት። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ዓይኔ ግን ይለበልበኝ ነበር።

በመጨረሻ የገባንበት ዋሻ ከላይ ትንሽ ቀዳዳ ብቻ አለው፤ ወደ ታች እየሰፋ መጥቶ ሰፊ አዳራሽ ያክላል። ነጩ ግድግዳ ላይ የዶማው ምልክት እንደ ትልም ተሰምሯል። አባቴ እጃቸውን ትልሙ ላይ አሳረፉ።

"ይኼማ የእህል ጉድጓድ ነው!" አሉ። አገር ቤት፣ ቆላ ሳሉ የማሽላ ጉድጓድ በመቆፈር የታወቁ ሰው ነበሩ፤ አፉ አንድ ሰው ብቻ የሚያስገባ፣ ሆዱ የዓመት እህል የሚችል። "እኔም ቆፍሬያለሁ በይው። ቆፋሪው በምን ይወጣ እንደነበረም ጠይቂልኝ።"

"እሺ አባ፣ ኋላ እጠይቀዋለሁ" አልኳቸው። አልጠየቅሁትም።

አውቶቡሱ ውስጥ እንደተቀመጥኩ ራሴን መስኮቱ ላይ ጣል አደረግሁ። አስጎብኚው ሰው እየቆጠረ አጠገቤ ሲደርስ "አባትሽስ?" አለኝ።

"ከኋላ ናቸው" አልኩት፣ ዓይኔን ሳልገልጥ።

አላየኋቸውም ነበር። ሲያስሉ የሰማሁ መስሎኝ ነው።

ስነቃ አውቶቡሱ ቆሟል፤ ሸለቆው ጋ ደርሰናል። በሩ ላይ ቆሜ አረጋውያኑን እጃቸውን እየያዝኩ አወረድኩ። የመጨረሻው ሰው ወርዶ አውቶቡሱ ባዶ ሲቀር አባቴ እንደሌሉ ለአስጎብኚው ነገርኩት።

አስጎብኚው አልተቆጣኝም። ወደ ዋሻዎቹ በር ደወለ፤ ጠባቂው አላየሁም አለ። አረጋውያኑ አንድ በአንድ ተመልሰው ተሳፈሩ። "የሰው አባት ስትጠብቅ እያደረች የራሷን ጣለች" አለች አንዷ፣ ቀስ ብላ፣ ግን እንድሰማት አድርጋ። የአባቴ የልብ መድኃኒት ጭኔ ላይ ባለው ቦርሳ ውስጥ ነበር። መንገዱን ሁሉ ቦርሳዬን ጨብጬ ተመለስኩ።

እዚያው ዋሻ ውስጥ አገኘኋቸው። ከግድግዳው ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው፣ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አኑረው፣ ሽቅብ ቀዳዳውን ያያሉ።

"ለምን ቀሩ? ለምን አልተከተሉንም?" ብዬ ጮህኩባቸው። አባቴ ላይ ጮሄ አላውቅም። ድምፄ ዋሻውን ዞሮ መልሶ እኔኑ አስደነገጠኝ።

"ግድግዳውን ሳይ ነበር" አሉ በዝግታ። "ዘወር ስል ሰው የለም። ወዴት ልሂድ? ቋንቋቸውን አላውቅ። ሰው የጠፋበት ቦታ ከቆየ ይገኛል ብዬ ተቀመጥሁ።"

"ፈሩ እንዴ አባ?"

"መጀመሪያ ፈራሁ። አንቺ ግን ደክመሻል። ጠዋት ስትመጪ አይቼሻለሁ። ቅሪ ልልሽ ነበር። ኋላ ለሰው ሁሉ አውርቼ ምን እባላለሁ አልኩ። ጥፋቱ የኔም ነው።"

ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። መሬቱ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። አስጎብኚው ራቅ ብሎ ቆይቶ፣ ስረጋጋ ሽማግሌው ምን እንደሚሉ ጠየቀኝ። ያን ጊዜ ስለ ማሽላው ጉድጓድ አንድም ሳላስቀር ነገርኩት፤ ጥያቄያቸውንም ጠየቅሁላቸው።

"በገመድ ይመስለኛል፤ በእርግጥ ግን አላውቅም" አለ፣ በእጁ ገመድ እንደሚስብ እያሳየ።

አባቴ ሳልተረጉምላቸው ገባቸው። "እኔንም በገመድ ነበር የሚያወጡኝ። ላይ የሚቆመው ሰው የማይዘናጋ መሆን አለበት" አሉ።

ይህን ወደ ዕብራይስጥ መመለስ ከበደኝ። መለስኩት።

ሸለቆውን ለማየት ጊዜ አልቀረንም፤ ሹፌሩ አሻግሮ ከመንገዱ ላይ አሳየንና ወደ ነታንያ ዞረ። "የራሷን ጣለች" ያለችኝ አሮጊት ከቦርሳዋ ዳቦ ቆርሳ ሰጠችኝ። "ብዪ፣ ሆድሽ ባዶ ነው" አለችኝ። ይቅርታ አልጠየቀችኝም፤ እኔም አልጠበቅሁም። አባቴ መንገዱን ሙሉ ለጎናቸው ሰው ጉድጓድ እንዴት እንደሚቆፈር ያስረዱ ነበር።

ከወራት በኋላ ሌላ ቲዩል ተዘጋጅቶ ኃላፊዋ ደወለችልኝ። "አልችልም፤ መተኛት አለብኝ" አልኳት። እንዲህ ያለ ነገር ለሰው ስናገር የመጀመሪያዬ ነው። ሌላ አስተርጓሚ ፈለገች፤ አባቴም ከነርሱ ጋር ሄዱ። እኔ እስከ ቀትር ተኛሁ። ስነሳም ድካሙ ጨርሶ አልለቀቀኝም። ሻይ አፍልቼ ሰገነቱ ላይ ወጣሁና፣ የተሰጣውን ልብስ እንኳ ሳላነሳ፣ ከታች በመንገዱ አውቶቡሶች ሲመጡና ሲሄዱ እያየሁ ተቀመጥኩ።