ባሕሩን ያጣንበት ሐሙስ

የእኔ እግር አያርፍም። ልጄ "እማዬ፣ አንቺ እኮ ቤት የያዝሽው ለጫማሽ ማስቀመጫ ነው" ትለኛለች። እዚህ ለንደን፣ ብሪክስተን አውቶቡስ ላይ እወጣና ፎቁ ላይ፣ ከፊተኛው ወንበር ቁጭ ብዬ መጨረሻው ድረስ እሄዳለሁ፤ መጨረሻው የት እንደሆነ ሳልጠይቅ። ሹፌሩ እዚህ ያበቃል ሲለኝ አመስግኜ እወርዳለሁ፣ አንድ ዙር እዞራለሁ፣ በመጣሁበት እመለሳለሁ። ጠፍቼ አላውቅም። ዘግይቼ ግን አውቃለሁ።

ከእኔ በታች ባለው ፎቅ የሚኖሩት ጎረቤቴ ደግሞ የሚሄዱበትን የሚያውቁ ሰው ናቸው። የምጽዋ ልጅ ናቸው። በአማርኛ ተምረው፣ የአዲስ አበባ ሴት አግብተው፣ እዚህ አገር ሠላሳ ዓመት አውቶቡስ ነድተው ጡረታ ወጡ። ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ የቀራቸው ሁለት ነገር ነው፤ አንዲት ሴት ልጃቸውና የዓሣ ማጥመጃ ዘንጋቸው። ብርዱ ጋብ ማለት ሲጀምር ዘንጉን በጨርቅ ጠቅልለው ዎርዚንግ የምትባል የባሕር ከተማ ይሄዳሉ። እኔ ደረጃው ላይ ሳገኛቸው የባሕሩን ነገር ያስተምሩኛል።

"እትዬ፣ በብርዱ ወራት ባሕሩ ቁጡ ነው፣ አይቀርቡትም። ከፋሲካ በኋላ ደግሞ ለዓይን የማይታይ ነገር ያብብበትና ውኃው አጥሚት ይሆናል፤ ዓሣው ትሉን አያየውም። በመካከል ያለችው ጥቂት ሳምንት ናት። ያን ጊዜ ውኃው ይጠራል፣ ጠፍጣፋው ዓሣ ከጥልቁ ወጥቶ ወደ ዳር ይጠጋል። ነፋሱ ከምዕራብ ለስለስ ብሎ ሲመጣ መነሣት ነው።"

ዘንድሮ ግን ዓይናቸውን ሞራ ጋረደው። ኦፕሬሽን ይደረግልዎታል ተብለው ተራ ይጠብቃሉ። ልጃቸው እዚሁ የተወለደች፣ ቁጡም ደግም ናት፤ አንድ ቀን መጥታ ደረጃው ላይ አስቆመቻቸውና እኔ እየሰማሁ ሦስት ጣቷን አነሣች።

"አባ፣ ስማኝ። ብቻህን አትሄድም። የውኃውን ሰዓት፣ የሚሞላበትንና የሚጎድልበትን፣ ቼክ ሳታደርግ አትሄድም። ሳይጨልም ትመለሳለህ። አንዷን ብትስት ዘንጉን እኔ ቤት ወስጄ አስቀምጠዋለሁ፣ ኦፕሬሽኑ እስኪያልቅ። ኦኬ?"

"ኦፕሬሽኑ እኮ ከፋሲካ በኋላ፣ ሰመር ላይ ነው! ሰመር ላይ ምን አጠምዳለሁ? አጥሚት?"

"አብሯቸው የሚሄድ ሰው አለ" አልኩ እኔ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ። "እኔ አለሁ።"

"እማማ፣ እርስዎ ይጠብቁልኛል?"

"እንደ ዓይኔ ብሌን" አልኳት።

እሷ ከሄደች በኋላ ሰውዬው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "እትዬ፣ አንድ ጉድ አለ። የውኃው ሰዓት የሚነበበው ከስልክ ላይ ነው፤ እኔ ደግሞ ያን ሰሌዳ ማንበብ ካቆምኩ ሁለት ወር አለፈኝ። ፊደሉ ሁሉ ጉንዳን ሆኖብኛል።"

"ለልጅዎ ለምን አይነግሯትም?"

"ብነግራት ዘንጉ ዛሬውኑ ይሄዳላ! እርስዎ ያንብቡልኝ።"

እኔ ምኑን አነባለሁ? አማርኛውንም ቢሆን ያወቅሁት ልጅ ከወለድኩ በኋላ፣ በመሠረተ ትምህርት ነው። የእንግሊዝ ፊደል ለእኔ አጥር ነው። ነገር ግን በባዶ እጄ መመለስ አልወደድኩም። አባቴ የባሕረ ሐሳብ መምህር ነበሩ። ተማሪዎቻቸው ከዛፉ ሥር ተቀምጠው ሲቆጥሩ እኔ ከጓሮ ጥጥ እየፈለቀቅሁ እሰማ ነበር። ሴት ልጅን የሚያስተምር አልነበረም፤ ጆሮ ግን አይከለከልም። አበቅቴውን፣ የወሩን ሕጸጽ፣ ቀኑን ደምሮ በሠላሳ መግደፍ፤ የቀረው የጨረቃዋ ዕድሜ ነው። በጣቶቼ አንጓ ዛሬም እቆጥረዋለሁ።

"ጋሼ፣ ባሕሩ የሚሞላው በጨረቃ አይደለም እንዴ?"

"በጨረቃ ነው እንጂ! ጨረቃ ስትሞላ ዎርዚንግ ላይ ቀትር ሲሆን ውኃው ዳር ያለው የጠጠር ቁልል እግር ድረስ ይመጣል። ትከሻዬ እንደ ድሮው ሩቅ አይወረውርም፤ ባሕሩ ራሱ ካልመጣልኝ ዓሣው ጋ አልደርስም።"

ቆጠርኩ። ሁለቴ ቆጠርኩ። "ከደብረ ዘይት በፊት ያለው ሐሙስ ጨረቃዋ አሥራ አምስት ናት፣ ሙሉ።"

"እርግጠኛ ነዎት?"

"የአባቴ ቁጥር ነው!"

ልጅቱ ረቡዕ ማታ ደውላ "ቼክ አደረጋችሁ?" ስትል ሁለታችንም በአንድ አፍ "አድርገናል" አልን። ሰማዩን ቀና ብሎ ያየ ግን አልነበረም። ቢያይስ? ያን ሰሞን ለንደን ደመናዋን እንደ ጋቢ ተከናንባ ነበር የሰነበተችው።

ሐሙስ ጠዋት ብርሃን ሆነ። በአውቶቡስ ባተርሲ ጣቢያ፣ ከዚያ በባቡር ወደ ባሕሩ። ጋሼ የእንቁላል ሳንዱዊች አወጡና አፈሩ።

"ይብሉ እንጂ" አልኳቸው።

"እናንተ ኦርቶዶክሶች ጾማችሁ አያልቅም።"

"የእናንተ የካቶሊኮቹ አይጀምርም።"

"ታዲያ የያዝነውን ዓሣ ማን ሊበላው ነው?"

"እርስዎ። እኔ መያዙን ነው የምይዘው።"

ደረስን። ጠጠሩ እንደ ኮረብታ ተቆልሏል፤ ክንዳቸውን ይዤ ወጣን። ከላይ ስደርስ ባሕሩን በዓይኔ ፈለግሁ።

"ውኃው የት ደርሷል?" አሉኝ።

"ጋሼ፣ ውኃ የለም።"

"እንዴት የለም?"

"ሄዷል።"

"የት ሄደ?"

"እንጃ፣ ፈረንሳይ ሳይሆን አይቀርም።"

አሸዋ ብቻ ነበር። ረግረጉ፣ ኩሬው፣ ወፉ፣ ከዚያ ወዲያ ሩቅ፣ አንዲት የብር ክር የምታህል ውኃ። ጋሼ ቁጭ አሉ፤ ጆሯቸውን ወደ ባሕሩ አዘነበሉ። "ስንት ነች ያሉኝ ጨረቃዋን?"

"አሥራ አምስት።"

"በዚህ ሰዓት ውኃው እንዲህ ከራቀ፣ ይች ጨረቃ ወደ ሃያ ተጠግታለች። ሙላቱ ካለፈ አራት አምስት ቀን ይሆነዋል።"

አባቴ አንድ ጊዜ ለተማሪዎቻቸው ያሉት ያኔ ትዝ አለኝ፤ የቁጥሯ ጨረቃ ከሰማይዋ ጨረቃ በጥቂት ቀን ወደ ኋላ ትዘገያለች፣ እኛ ግን በዓላችንን የምናወጣው በቁጥሯ ነው ብለው ነበር። ያንን ሰምቼ፣ ረስቼው ኖሬያለሁ። አፍሬ ነገርኳቸው። ሳቁ፤ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ።

"እትዬ፣ ባሕሩ እኮ ኦርቶዶክስ አይደለም!"

"ካቶሊክም አይደለም፤ ቢሆን ኖሮ ይጠብቅዎት ነበር።"

ሳቁ ሲበርድ ነገሩን አሰብነው። ባዶ እጃችንን ብንመለስ ልጅቱ ትጠይቃለች፤ ከጠየቀች ከሁለታችን አንዱ እውነቱን ያወጣዋል። ጋሼ ነፋሱን በጉንጫቸው ለኩ፣ ጠጠር ወርውረው ሰሙ። "አሁን መመለስ ጀምሯል። አራት ሰዓት ያህል ቆይቶ እዚህ ይደርሳል፣ ሳይጨልም። እንጠብቃለን።"

እሳቸው ዘንጋቸውን ሲያበጁ እኔ ትንሿን መንሻቸውን ይዤ ለማጥመጃ የሚሆን ትል ልቆፍር ወረድኩ። የአሸዋ ትል ያለበት ቦታ ይታወቃል፤ ከላዩ አሸዋው እንደ ተጠቀለለ ክር ተቆልሎ ይቀመጣል። ጫማዬን አውልቄ፣ ቀሚሴን ሰብስቤ ቆፈርኩ። አንድ፣ ሁለት፣ አምስት። ከዚያ አንዲት ቆንጆ ዛጎል አየሁ። ከዚያ ወዲያ ሌላ። ከዚያ ወዲያ አሸዋው ላይ ሰማዩ ወርዶ ተኝቷል፣ እሱ ላይ መሄድ አማረኝ። መቼም የእኔ ነገር! ሄድኩ።

ድምፅ ሰማሁ። "እትዬ! እትዬ!" ዞር ስል ጋሼ ከጠጠሩ ግርጌ ቆመው ሁለት እጃቸውን ያወናጭፋሉ። በእኔና በእሳቸው መካከል፣ ስመጣ ደረቅ በነበረው ዝቅ ያለ ቦታ፣ ውኃ እንደ ወንዝ ይሄዳል። ባሕሩ በፊቴ መጣ ስል በጀርባዬ ዞሮኛል።

"የት ጋ ነዎት? ይናገሩ!" አሉ። አላዩኝም ለካ፤ በሞራው ምክንያት ነጭ ጭጋግ ብቻ ነው የሚታያቸው።

"እዚህ ነኝ!"

"ወደ ድምፄ እንዳይመጡ! ወደ ግራዎ! ውኃው ዝም የሚልበት ጋ ጥልቅ ነው፤ የሚያጉረመርምበት ጋ ይሻገሩ!"

ወደ ግራ ሄድኩ። እውነትም እዚያ ውኃው ያጉረመርማል፣ ጠጠር አለበት። ገባሁ። እስከ ጉልበቴ መጣ፣ ብርዱ አጥንት ይገባል። መሃል ላይ ስደርስ እሳቸው ጫማቸውን እንኳ ሳያወልቁ ገብተው እጃቸውን ዘርግተዋል። ያዝኩት። ወጣን። ሁለታችንም ረጥበን፣ እንደ ዶሮ ተንቀጥቅጠን፣ ጠጠሩ ላይ ተቀመጥን።

"ልጄ ማንን ጠብቁ ብላ ነበር?" አሉኝ።

"እርስዎን።"

"ደህና አድርገው ጠበቁኝ።"

ትሎቹን ግን አልጣልኩም፤ የከተትኩበት ላስቲክ ከወገቤ ታስሮ ነበር። ፀሐይ ወጣች። ውኃው ቀስ እያለ፣ መጀመሪያ አሸዋውን፣ ኋላ ጠጠሩን እየላሰ መጣ። ጋሼ ወረወሩ፤ አጭር ነበር፣ ግን ባሕሩ ራሱ ቀርቦላቸዋል። ክሩን በሁለት ጣታቸው ይዘው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ብዙ ቆዩ። እኔ ወሬ ጀምሬ "ሽሽ" ተባልኩ። ከዚያ እጃቸው ተነሣ፤ ዘንጉ ጎበጠ። የወጣው ዓሣ እንደ ሰሐን ጠፍጣፋ፣ ጀርባው ላይ ብርቱካን ቀለም የተንጠባጠበበት ነበር። ያዝኩት፣ አንሸራተተኝ፣ ጮህኩ፣ ቀሚሴ ላይ ጣልኩት። ሁለተኛም ያዙ። ሦስተኛው ትሉን በልቶ ሄደ።

ባተርሲ ስንደርስ ገና ብርሃን ነው። ልጅቱ መኪናዋን አቁማ ከጣቢያው በር ላይ ትጠብቃለች። ከላይ እስከ ታች አየችን።

"ምንድን ነው ይሄ?"

"ዝናብ" አሉ ጋሼ።

"ከጉልበት በታች ብቻ?"

ከዚህ በኋላ መዋሸት አልሆነልኝም። "ልጄ፣ ሦስት ቃል ነበር የሰጠንሽ። አንደኛዋንና ሦስተኛዋን ጠብቀናል። መካከለኛዋን ዋሽተንሻል።" የስልኩን ጉንዳን፣ የቆጠርኩትን ጨረቃ፣ የጠፋውን ባሕር፣ ከኋላዬ የዞረውን ውኃ፣ ሁሉንም ነገርኳት።

"ቆይ፣ ማን ነው ማንን ያወጣው?"

"አባትሽ እኔን።"

"ሳያይ?"

"ሰምተው።"

ዘንጉን ከእጃቸው ወስዳ መኪናው ኋላ ላይ አስገባችው። ጋሼ አንገታቸውን ደፉ። እስከ ቤት ድረስ ጸደዩ በእኔ ዙረት አለቀ እያልኩ ሄድኩ። ሰፈራችን ስንደርስ ልጅቱ ወረደች፣ ኋላውን ከፈተች፣ ዘንጉን ተሸክማ ደረጃውን ወጣችና አባቷ በር ላይ አስደገፈችው።

"አባ፣ ዓይንህ እንደዚህ እንደሆነ ለምን አልነገርከኝም?"

"ትወስጅብኛለሽ ብዬ።"

"የዋሸኸኝን አልረሳውም" አለች፤ ድምፅዋ ግን ተለውጧል። "ከእንግዲህ ሰሌዳውን እኔ አነባለሁ። እማማ፣ እርስዎም ጨረቃዎን ለበዓል ያቆዩልን።"

ከዚያ ወዲህ ረቡዕ ረቡዕ ማታ ትደውላለች። እኔም ወርጄ የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርገን አብረን እንሰማለን። ሙላቱ በዚህ ሰዓት፣ ጉድለቱ በዚህ ሰዓት እያለች ቀስ ብላ ታነባለች። ጋሼ "ድገሚልኝ" ይላሉ። ትደግማለች። "ዓርብንም።" ዓርብንም ታነባለች። ከዚያ ምን እንደበሉ፣ የዓይን መድኃኒታቸውን እንደጨመሩ ትጠይቃለች፤ እሳቸውም ያለችኮላ ይመልሳሉ።

ባለፈው ረቡዕ ሦስተኛ ጊዜ አስደገሟት። "አባ" አለች፣ "መጀመሪያ ሳነበው ሰምተኸኛል አይደል?"

"ሰምቼሻለሁ።"

"ታዲያ ለምን ታስደግመኛለህ?"

ጋሼ ወደ እኔ ዞሩ፤ እኔ ወደ መስኮቱ ዞርኩ።

"በይ" አሉ ወደ ስልኩ ጠጋ ብለው፣ "ቅዳሜንም አንብቢልኝ።"