የገና ዳቦ በሽማግሌ ፊት

የማንንም ቤት አላቃጠልኩም። አቃጠልክ ተባልኩ። ያለኝም ባዕድ አይደለም፤ የአገሬ ሰው፣ የወሎ ልጅ፣ ቤት ያከራየኝ ደምሴ ነው። ይህን ከሁሉ አስቀድሜ የምጽፈው ወደ ኋላ እንዳይድበሰበስብኝ ነው።

አገር ቤት ያላችሁ፣ እንደኔም ማዳበሪያ ጆንያ ተሸክማችሁ ቆላ የወረዳችሁ፣ ስሙኝ። ፊደል የቆጠርኩት ጎልምሼ፣ እዚሁ ጋምቤላ፣ በማታ ትምህርት ነው። አጻጻፌ ቢሻክር እለፉኝ። ነገሩ ራሱ ሻካራ ነው።

ከቤት የወጣሁት ጎህ ሳይቀድ ነው። መሬቱ ለወንድሞቼም አልበቃ። እናቴ ጨለማ ውስጥ በር ላይ ቆማ «ደርሰህ ደውል» አለችኝ፤ እኔ እንኳን ስልክ ሊኖረኝ፣ ኪሴ ውስጥ የአውቶቡስ ሳንቲም ብቻ ነበር። ዲማ ወርቅ አለ ሲሉ ዲማ ሄድኩ። ወርቁን ሌላ ሰው አገኘው፣ እኔ ወባውን አገኘሁ። ከዚያ ጋምቤላ ከተማ ገባሁ፤ ኒውላንድ ሠፈር አንዲት ክፍል ተከራይቼ ሰይድ የሚባል የወሎ ነጋዴ ሱቅ ጭነት ማውረድ ያዝኩ። ኋላም እታገኝን ከአገር ቤት አግብቼ አመጣኋት። ሴት ልጅ ወለድን፤ ሊያ አልናት።

የዚህን አገር ሙቀት ብነግራችሁ አታምኑኝም። እኛ ጋ የገና ሰሞን ውሃ ጥርስ ያደነዝዛል፤ ሊጥ በጋቢ ተጠቅልሎ ምድጃ ጥግ ካላደረ አይነሣም። እታገኝ በመጣችበት ዓመት እንደ አገሯ ጠቅልላ አሳደረችው። ጠዋት ክዳኑን ገፍቶ ወለሉ ላይ ተዘርግቶ አገኘነው፤ ሽታው ጠላ ነው። «ይሄ አገር ሊጥ እንኳ አያስተኛም!» ብላ አለቀሰች፣ ቀጥላም ሳቀች። አሁን በማለዳ ታቦካለች፣ እርጥብ ጨርቅ ታለብሰዋለች፣ ከሰዓት በኋላ ሳይኮመጥጥባት ትጋግራለች። ኮባ ከየት ይመጣል፤ የሙዝ ቅጠል ነው። ከታች ፍም፣ ከላይ ፍም፣ መሃሉ ዳቦ።

ያልተወን ልማድ አንድ ነው። ጋግረን ስንጨርስ የተረፈውን ፍም በአመድ እናዳፍነዋለን። እሳት ጠፍቶ ማደር እኛ ቤት ነውር ነበር። የያዙብን ይህንኑ ነው።

ገና ሊደርስ ሲል እታገኝ አዲስ መጋገሪያ ገዝታ ልትሞክረው ግቢው ውስጥ ትንሽ ዳቦ ጋገረች። ገና ሳናነሣው ከአጥሩ ማዶ የጎረቤታችን የማማ ኛማል የሣር ኩሽና ቦግ አለ። በጋ ነው፤ ሣሩ እንደ ወረቀት ነው። ጀሪካን ይዤ አጥሩን ጥሼ ገባሁ። የክንዴ ፀጉር ተላጨ። ዋናው ቤት ሳይያዝ አጠፋነው። ስመለስ እታገኝ ልጅቷን አቅፋ ቆማለች፤ እኔም እንደ ልማዴ ፍማችንን በአመድ አዳፈንኩ። ደምሴ በሩ ላይ ቆሞ እያየኝ ነበር።

በማግሥቱ ቀበሌ ተጠራሁ። ወንበሩ ላይ ያለው ልጅ ከኔ ዕድሜ ግማሹ ቢሆን ነው።

«እሳት ትቀብራለህ ይባላል።»

«አዳፍናለሁ።»

«ልዩነቱ ምንድን ነው?»

«የሚቀበረው የሞተ ነው። ይሄ ለነገ ነው።»

«ክብሪት የለህም?»

«አለኝ።»

«ታዲያ?»

እውነቱን ልንገራችሁ፤ አባቴ ስለሚያዳፍን አዳፍናለሁ፤ ይሄ ለቀበሌ ይነገራል? ወረቀት አቀረበልኝና «እዚህ ጋ ፈርም» አለኝ።

«ምን ይላል?»

«ምንም አይልም፣ ፈርም።»

ቀስ እያልኩ በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩት። በቸልተኝነት ቤት ማቃጠሌን አምኛለሁ ይላል።

«ምንም አይልም ያልከኝ ይሄንን ነው?»

«እንዴ! አንተ ማንበብ ትችላለህ?» አለ፣ ሌባ እንደያዘ ሰው ደንግጦ። አልፈረምኩም። «እንግዲያው ከበዓል በኋላ ወደ ፖሊስ ይሄዳል» ብሎ ሸኘኝ።

ደምሴ ደጅ ላይ ጠበቀኝ። «እኔ ለአንተው ብዬ ነው፣ ወንድሜ» አለኝ፣ ትከሻዬን ይዞ። «ሳይጠነክርብህ ከበዓሉ በፊት ቤቱን ልቀቅና ሂድ።»

«ወዴት?»

«እሱን አንተ ታውቃለህ።»

ክፍሏን ለመሥሪያ ቤት ሊያከራያት እንደፈለገ ሰይድ ቀደም ብሎ ሹክ ብሎኝ ነበር። ግን የፈራሁት ቤት ማጣቱን ብቻ አይደለም። ፖሊሱንም ብቻ አይደለም። ይህች ከተማ ቤት ሲቃጠል «በምን ተነሣ?» አትልም፤ «የማን ወገን አቃጠለው?» ትላለች። ወሬው በኔ ስም ይጀምራል፣ ሁለት መንገድ ሲሻገር ስሜ ይወድቅና «ሀበሻ አቃጠለ» ይሆናል፤ እዚህ ደገኛን ሁሉ ሀበሻ ነው የሚሉት። ከዚያ ወዲያ ያለውን፣ ወገን ለይቶ መጋደሉን፣ እዚህ የኖረ ያውቀዋል። ከመንገድ ዳር ያሉ ልጆች ሳልፍ ዝም ማለት ጀመሩ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። እታገኝ ወፍጮ ቤት መሄድ ተወች። ውሻ በጮኸ ቁጥር የሚተኮስ ቢኖር ብለን ልጅቷን ካልጋ አንሥተን ወለል ላይ እናስተኛታለን።

ማማ ኛማልን በጠዋት በጠዋት በቋንቋዋ «ማሌ!» ብዬ ሰላም እላት ነበር፣ እሷም «ማሌ፣ አባ ሊያ» ትለኝ ነበር። አሁን «ማሌ» ስላት አቀርቅራ መሬት ታያለች። ልቤ ያን ጊዜ ነው የከዳኝ። ኩሽናው የተቃጠለባት እሷ ካመነችብኝ ማን ይተርፈኛል?

ሰይድ ሽማግሌ ይግባበት ብሎ ለመነ። ጋሽ ኦቦንግን ይዞ መጣ፤ የሠፈሩ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው፣ ፕሮቴስታንት፣ ድምፃቸው ከፍ የማይል ሰው። በገና ዋዜማ ከሰዓት በኋላ ግቢያችን ውስጥ ተቀመጡ። ደምሴ አለ፣ ማማ ኛማል አለች፣ ከአጥሩ ውጪ ደግሞ ወጣቶች ቆመዋል። ብዙ ናቸው።

ደምሴ ተነሥቶ ስለ እሳቴ አወራ። ያን ያህል ማውራት እንደሚችል አላውቅም ነበር። ጋሽ ኦቦንግ አዳምጠው ሲያበቁ ወደኔ ዞሩ።

«ሰው ሁሉ ስለዚህ እሳት ያወራል። እኔ አላየሁትም። ያን ቀን እንደጋገራችሁ፣ እዚያው ቦታ ጋግሩ። እንይ።»

«ጋሽ ኦቦንግ! ዳግም ሊያነዱን?» አለ ደምሴ።

«ውሃ ቅዱና ቁሙ» አሉ ጋሽ ኦቦንግ።

እምቢ ብል ጥፋተኛ ነኝ፤ እሺ ብዬ አንዲት ብልጭታ ብታመልጥ አልቆልኛል። ከውጪ የቆሙት ሊበተኑ አይደለም የመጡት። ሊጡ የለም ልል አፌን ስከፍት እታገኝ ከውስጥ «አለ» አለች። በማለዳ ሳትነግረኝ አቡክታ ከአልጋው ሥር ደብቃዋለች! «ገና ያለ ዳቦ ልውል ነው?» አለችኝ በጆሮዬ።

ቅጠሉን አነጠፈች፣ ሊጡን ገለበጠች፣ በላዩ መስቀል ሳበችበት፣ ከደነችው። ፍሙን በአካፋ እየዛቅሁ ከክዳኑ ላይ አፈሰስኩ። ሰይድ «ቢስሚላህ በል እንጂ» አለኝ፣ ሊያስቀኝ ፈልጎ። አልሳቅኩም። የማየው የጣራ ሣር ነው፤ በአራቱም ማዕዘን ሣር።

ነፋሱ ተነሣ። በጋ ከሰዓት በኋላ ሁልጊዜ የሚነሣው ነፋስ። ከፍሙ አንዲት ብልጭታ ዘለለችና ሰይድ እግር ሥር ወደቀች፤ ጫማ አልነበረኝም፣ በባዶ እግሬ ረገጥኳት። ከውጪ አንዱ ጮኸ። ጭሱ ተጠቅልሎ ተነሣና ተጋድሞ ሄደ። ደምሴ ያስል ጀመር፤ የተቀመጠው በቤቱ በኩል፣ ጭሱ በሚሄድበት ነው።

«ጭሱን ወዲያ አድርጉልን እንጂ!» አለ።

«ነፋሱን ንገረው» አለው ሰይድ።

ጋሽ ኦቦንግ ጭሱን በዓይናቸው ተከተሉት። ከዚያ ቀስ ብለው ዞሩ።

«የተቃጠለው ኩሽና በየት በኩል ነበር?»

ሁላችንም ጠቆምን። ነፋሱ ከሚመጣበት ነው፤ የኛ ብልጭታ ወደዚያ ሊሄድ አይችልም። ፍርሃት ምን እንደሚያደርግ እዩ፤ እኔ ራሴ ሰሞኑን ሁሉ አንድ ጊዜ እንኳ ነፋሱን አላሰብኩትም!

«ያን ቀንስ ነፋሱ በየት ነበር?»

የመለሰችው ማማ ኛማል ናት።

«እንደዚህ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልተናገርሽም?»

«ማን ጠየቀኝ?» አለች። ቀና ብላ ወንዶቹን ሁሉ አየቻቸው። «እኔ ነኝ የጋገርኩ። ብስኩት። ዘመዶች ከሱዳን በኩል ለበዓል ይመጣሉ። ከሰል ትቼ ውሃ ሄድኩ። ስመለስ እሳት ነው። ወንዶቹ ‹እሱ ነው› አሉ። እኔ ዝም አልኩ። ፈራሁ።»

አጥሩን መሃል አድርገን ሁለታችንም ስንፈራ ከርመናል። እሷ እኔን ማየት የፈራችው ለካ ይሄን ይዛ ነው። ልቆጣት ፈለግሁ፤ አልመጣልኝም። ቁጣዬ ሁሉ ደምሴ ላይ ሄዶ አለቀ።

ጋሽ ኦቦንግ በቋንቋቸው ወደ አጥሩ ውጪ ጥቂት ተናገሩ። ወጣቶቹ አንድ በአንድ ሄዱ። አንደኛው በእጁ ያለውን ዱላ እያየ ነበር የሄደው፣ ለምን እንደያዘው እንደረሳ ሰው። ጋሽ ኦቦንግ ለቀበሌ ራሳቸው እንደሚነግሩ፣ ከክፍሏም ማንም እንደማያስወጣን ተናገሩ። ደምሴን «ሰማህ?» አሉት። «ሰማሁ» አለ።

ዳቦው ወጣ። በሁካታው ረስተነው ታቹ አርሯል። የበዓል ዳቦ በበዓሉ ቀን ነው የሚቆረሰው፤ በዋዜማው ሲቆረስ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ጋሽ ኦቦንግ ጸልየው ቆረሱ። ለማማ ኛማል ቀድመው ሰጧት፤ ግማሹን ለልጄ አጎረሰቻት። ይቅርታ ያለኝ ሰው የለም። ደምሴ «በሉ እንግዲህ፣ ዓመት በዓል ነው» አለና ትልቁን ቁራሽ አነሣ። የፆሙን ሰዓት የጠየቀው የለም።

ሲመሽ እናቴ ደወለች።

«ዳቦው ተጋገረ ልጄ?»

«ተጋግሯል እማዬ።»

«ነፋስ አልመታውም?»

«... ትንሽ መታው።»

«ማን ሊባርክላችሁ ነው ነገ? እዚያ ዘመድ የላችሁ።»

«ሽማግሌዎች መጥተው ባረኩት።»

«ቤትህ ድረስ?»

«ግቢያችን ድረስ።»

«ሽማግሌ ደጅህ መጣ!» አለች፤ ድምፅዋ በደስታ ተሰበረ። «እንግዲህ ሰው ሆነሃል። እንግዲህ አልሰጋም።» ጎረቤቶቿን ስትጠራ ተሰማኝ፣ ልትነግራቸው። ስልኩን ዘግቼ ውጪ ወጣሁ። እታገኝ በምድጃው ላይ ውሃ እያፈሰሰች ነበር፤ ፍሙ እስኪጠቁር ድረስ። አላዳፈንነውም። ከዚያ ወዲህም አዳፍነን አናውቅም።

ነገሩ አለቀ የተባለው በዚያው በገና ዋዜማ፣ ታኅሣሥ ሃያ ስምንት ቀን ነው።