አባቴ እጃቸውን ያወጡበት ስብሰባ

አባቴ እኔ ወደምኖርበት ደቡብ አፍሪካ፣ ኮዝሞ ሲቲ ሲመጡ ሻንጣቸው ውስጥ የነበረው ሁለት ሸሚዝ፣ አንድ ከረባትና የክልል ምክር ቤት አባልነት መታወቂያ ነው። መታወቂያው ጊዜው ካለፈ ቆይቷል፤ እሳቸው ግን የስፓዛዬን፣ የትንሿን የሰፈር ሱቄን፣ መደርደሪያ ሲወለውሉ እንኳ ከኪሳቸው አይለይም። ከምክር ቤቱ በፊት ገበሬ ነበሩ። ማንም ያልደፈረውን ጫካ መጀመሪያ ገብተው የመነጠሩት እሳቸው ናቸው፤ መንደሩ የቆመው ከእሳቸው ጎጆ በኋላ ነው። ለእኔም ከመሬቱ ቆርሰው ሰጡኝ። ከዚያ ሰው መረጣቸውና ምክር ቤት ገቡ፤ እዚያም አሥር ዓመት እጅ አወጡ።

እየቀለድኩ አይደለም፣ ሥራቸው ያ ነበር። አፈ ጉባኤው "የምትደግፉ" ሲል እጅ ይወጣል፣ ይጨበጨባል፣ ምሳ ይበላል። አንድም ቀን ተቃውመው አያውቁም።

በመጡ በሁለተኛው ወር የሰፈሩ ነዋሪ ለስብሰባ ተጠራ። አጀንዳው የውጭ ሰዎች ሱቅ ይዘጋ ወይስ ይቆይ የሚል ነው። አዳራሹ በር ላይ የመኖሪያ ፔፐር የሚጠይቅ የለም፤ በሰፈሩ የሚኖር ሁሉ ድምፅ ይሰጣል። ቤቱን ያከራየችኝ ማማ "አባትህንም ይዘህ ና፣ እያንዳንዱ ሰው ይቆጠራል" ስላለችኝ ይዣቸው ሄድኩ። ንግግሩ ሁሉ በዙሉ ነበር። ሰብሳቢው "ይዘጋ የምትሉ" አለ። እጆች ወጡ። የአባቴም ቀጥ ብሎ ወጣ።

"አባባ፣ ያውርዱ! ሱቃችን ይዘጋ እያሉ እኮ ነው!"

"ሰው ሁሉ አውጥቷል" አሉ፣ ሳያወርዱ።

አዳራሽ ሙሉ ሰው በሳቅ ፍርስ አለ። ሰብሳቢው ቆጠራው ተበላሽቷል ብሎ ለሚቀጥለው እሁድ አስተላለፈው።

ወደ ቤት ስንመለስ ተቆጣሁ። "ምን እንደተባለ ሳያውቁ እጅ ያወጣሉ?"

እያነከሱ ጥቂት ተራመዱ።

"የመንደራችን መሬት ለባለሀብት ሲሰጥም ያወጣሁት እንዲሁ ነው" አሉ። "ከወረቀቱ ጀርባ የሚነሡት ሰዎች ዝርዝር ነበር። ያንተም ስም አለበት። ያየሁት ምሳ ከበላን በኋላ ነው።"

አገር የለቀቅሁት ያ መሬት ሲወሰድ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ መንግሥትን ስረግም ኖሬያለሁ፤ መንግሥት አጠገቤ እያነከሰ ይራመድ ነበር። ሳምንቱን በሙሉ ከዳቦና ከወተት ጉዳይ በቀር አላነጋገርኳቸውም።

እሁድ ጠዋት ከረባታቸውን አስረው፣ በየቤቱ የታደለውን የስብሰባውን ወረቀት ይዘው መጡ።

"ሳላነብ አልሄድም" አሉ።

ወረቀቱ አራት ገጽ ነው። እያንዳንዱን አንቀጽ ተረጎምኩላቸው፣ እያንዳንዱን ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ። "ረፈደብን" ብላቸው መነጽራቸውን ጠርገው ቀጠሉ። ጎትቼ ልወስዳቸው እችል ነበር። ግን አንድ ነገር እንዲህ ተጠንቅቀው ሲረዱ በዕድሜዬ አይቼ ስለማላውቅ ተውኳቸው።

ስንደርስ ወንበሩ እየታጠፈ ነበር። ማማ ዓይኗ ቀልቶ በሩ ላይ ጠበቀችን።

"በአንድ ሰው" አለችኝ በዙሉ፣ "በአንድ ሰው ብቻ ተሸነፍን። የት ነበራችሁ?"

አባቴ ቋንቋውን አይሰሙም። ክንዴን ያዙኝ።

"ስንት ለስንት ሆነ?"

"በጣም ብዙ ነበሩ፣ አባባ" አልኳቸው። "እኛ ብንኖርም ለውጥ የለውም።"