የዓርብ ጭስ

ያን ቀን አፌን የከፈትኩት ለሰንበት ተቆርቁሬ ነው ወይስ ስህተት ሰምቼ ማለፍ ስለማልችል ብቻ? እስከ ዛሬ መልስ አላገኘሁለትም። ነገሩንም ለባሌ፣ ለልጆቼም ቢሆን ተናግሬው አላውቅም ነበር።

እኛ ከሞላሌ ወዲያ ያለን ሸክላ ሠሪዎች ነን። በአደባባይ ክርስቲያን፣ በቤታችን ቤተ እስራኤል ሆነን ኖረናል። ምኩራባችንን «ዕቃ ቤት» እንለው ነበር። ከፊቱ ገንቦና ምጣድ ተደርድሯል፤ ከመጋረጃው ጀርባ ኦሪቱና የጸሎቱ ቦታ አለ። ቅዳሜ እሳት አናነድም። መንደሩ ያለ ጭስ ከዋለ ግን ጎረቤት ይጠይቃል። ስለዚህ ዓርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ የሸክላውን ክምር በኩበት ሸፍነን እንለኩሰዋለን፤ ቅዳሜን እየጨሰ ይውላል። ከሩቅ ለሚያይ ሥራ ላይ ያለን እንመስላለን።

ትምህርት ቤት የገባሁት ካደግሁ በኋላ ነው። አጠገቤ የምትቀመጥ የገበሬ ልጅ ነበረች፤ ትወደኛለች፣ ትቀልድብኛለችም። አንድ ቀን፣ «እኛ እንኳ ቅዳሜን እናከብራለን፤ እናንተ ቅዳሜም ሸክላ ታቃጥላላችሁ። ቡዳ ሰንበት የለውም መሰለኝ» አለችኝ። ልታስቀኝ ብላ ነበር። እኔ አረምኳት። እሳቱ የዓርብ መሆኑን፣ ሰንበትን ከእነሱ ይልቅ እኛ እንደምንጠብቅ፣ ዕቃ ቤቱም ምን እንደሆነ አንድ በአንድ ነገርኳት። እኔ ነኝ የነገርኳት። ማንም አላስገደደኝም።

ወሬው ገበያውን ዞሮ መንደራችን ደረሰ። ሰው መጥቶ ዕቃ ቤቱን ልይ ሳይል፣ ሽማግሌዎቻችን በገዛ እጃቸው አፈረሱት። አባቴም አብሮ አፍርሷል። ከዚያ የተናገረው ማነው ተባለ። ጎረቤታችን እትዬ ዘነበች ገበያ ላይ ጨዋታ ይወዱ ነበርና ጣቱ ሁሉ ወደ እሳቸው ሆነ። ቢምሉስ ማን ሰምቷቸው። ከጸሎትም ከእድርም ተለዩ፤ ልጆቻቸውን ይዘው ዓለም ከተማ ገቡ። መንደር የቀሩት እናታቸው ሲሞቱ እንኳ እትዬ ዘነበች አልተጠሩም። እኔ ግን ቀብሩ ላይ ነበርኩ። አልቅሻለሁም። ያ እንባ ምን ይባላል?

ልጅ ነበርኩ አልልም፤ አልነበርኩም። ፈርቼ ነው አልልም፤ ፈሪ መጀመሪያውኑ አይናገርም። አውቄ ዝም አልኩ።

ዘንድሮ ወጣቶቻችን በግልጽ ምኩራብ ሠርተዋል፤ ቆርቆሮው ከመንገድ ይታያል። አንባቢ ነሽ ብለው የአሮጌውን ታሪክ እንድጽፍላቸው ለመኑኝ። እስከ መፍረሱ ድረስ ጻፍኩና እጄ ቆመ። ይህ የምታነቡት የቀረው ነው።

ይህን ከመጻፌ በፊት አውቶቡስ ተሳፍሬ ዓለም ከተማ ሄድኩ። እትዬ ዘነበች አርጅተዋል፤ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ለገንቦ ጆሮ እየለጠፉ ነበር። አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ሁሉንም ነገርኳቸው። ይቅር ይበሉኝ አላልኩም፤ ያን ለማለት አፌ አልደፈረም። ጭቃውን በአውራ ጣታቸው እስኪያለሰልሱ ቀና አላሉም።

«ለእኔ ምን ትነግሪኛለሽ?» አሉ በመጨረሻ። «እኔ እንደሆነ አለመናገሬን አውቃለሁ። ለእነሱ ንገሪያቸው።»