አራት እኩል እግር

መሐል ሜዳ ከተማ ውስጥ ከፍሎ ገብቶ በሰው እጅ ተጎትቶ ከቪዲዮ ቤት የወጣ ሰው ቢኖር መኳንንት በያጁ ብቻ ነው። ያውም ሦስት ጊዜ! ጠጥቶ ወይም ተደባድቦ እንዳይመስላችሁ፤ ጠላ እንኳ ከዓመት በዓል በቀር አይቀምስም። ያስወጣው አፉ ነው። የጠፈር ፊልም ከተከፈተ አፉ አይዘጋም።

ሌላው ሰው ጀግናው ይሞት ይሆን እያለ ትንፋሹን ሲውጥ፣ የመኳንንት ዓይን መንኮራኩሯ ላይ ነው። «ቆይ፣ ቆይ! ይሄ ክንፍ ምን ሊሠራ ነው? እዚያ ላይ ነፋስ የለም ብላችሁን አልነበር?» ይላል። መንኮራኩሯ ተመትታ ከሹፌሩ ፊት የእሳት ብልጭታ ሲረጭማ ብድግ ብሎ ይቆማል። «ፊውዝ የላትም እንዴ? እኔ ለወፍጮ ቤት የዘረጋሁት መስመር እንኳ ፊውዝ አለው! ከፀሐይ ወዲያ የሚሄድ ሰው ፊውዝ ይረሳል?» ደግሞ ይቀጥላል። «ሰባት ዓመት ተጓዙ አላችሁ፤ ስንቃቸው የታለ? ውሃውን በምን ይዘውታል? ለምንድን ነው ወንበራቸው ማሰሪያ የሌለው? ሁልጊዜ ሲመቱ ወደ አንድ ወገን ይወድቃሉ፣ ተነሥተው እንደገና ያለማሰሪያ ይቀመጣሉ! ሰው አንድ ጊዜ ወድቆ አይማርም?»

ከሁሉ ከሁሉ ያቃጠለው ግን የእግሯ ነገር ነው። አንዲት መንኮራኩር መጣችና ድንጋይ በድንጋይ የሆነ ተራራ ላይ አረፈች። አራት እግር አላት፤ አራቱም እኩል ናቸው። ጠረጴዛ ላይ እንደተቀመጠ ብርጭቆ ቀጥ ብላ ቆመች። መኳንንት ጭንቅላቱን ያዘ። «በማርያም! ጓሳ አፋፍ ላይ ታርፍና እንያታ! ተንጋላ ሆዷን ለሰማይ ካልሰጠች ስሜን ቀይሩኝ። ይህችን የሠራ ሰው ተራራ አያውቅም፤ ያደገው ሲሚንቶ ላይ ነው!»

የቪዲዮ ቤቱ ባለቤት ፍቅረ ሥላሴ ትዕግሥቱ አለቀ። «አንተ ሰውዬ፣ ትጠይቃለህ እንጂ መልስ አትሰማም። ይልቅ ራስህ ሠርተህ አሳየንና እንይህ!» አለው። ቤቱ በሳቅ አውካካ። መኳንንትን ለሦስተኛ ጊዜ ያስወጡት ያን ቀን ነው።

እንዲያው ሲፈጥረው ማረፍ የማይሆንለት ሰው ነው። ቆሞ ይበላል። ቅዳሴ ላይ እንኳ መቋሚያውን ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ ሲያዛውር ነው የሚያልቀው። ሚስቱ ጥሩሸዋ «እንትንህ ላይ እሾህ በቅሎብሃል?» እያለች ሃያ ስድስት ዓመት ኖራለች። የመጋዝና የፒንሳ ቦርሳውን ለሠርግም ለቀብርም ይዞ ይሄዳል። እጁ ግን፣ እውነቱን እንናገር፣ የተባረከ ነው። በሩን፣ አልጋውን፣ የቤተ ክርስቲያኑን አጥር የሠራው እሱ ነው። «የመኳንንት ብየዳ እስከ ዕለተ ምጽአት አይለቅም» ይላል፤ የሚለው ራሱ ነው፣ ግን ሐሰት ብሎ የሞገተው ሰው የለም።

የፍቅረ ሥላሴ ቃል ልቡ ውስጥ ገብታ ተሰነቀረች። በዚያው ሰሞን አንዲት ልጁ ጽናት ማርገዟን ሰማ። ጽናት ያገባችው ከጓሳ አፋፍ ሥር ካለች መንደር ነው። ከመንደሯ እስከ መኪናው መንገድ ሁለት ሰዓት አቀበት ነው፤ መኪና ቀርቶ በቅሎም እያማተበች ነው የምትወጣው። ምጥ የጠናባትን ሴት የመንደሩ ሰው በቃሬዛ ተሸክሞ አፋፉ ድረስ ያወጣታል፣ አምቡላንስ ከዚያ ይቀበላታል። ባለፈው ክረምት ግን አንዲት ሴት እመንገድ ላይ ቀርታለች። መኳንንት ይህን ከሰማ ጀምሮ እጁ ሥራ አልይዝ አለ። ከልጄ በፊት እኔን ያድርገኝ እያለ ግቢውን ሲዞር ይውላል።

ቃሬዛውን ሊያይ ወረደ። የቃሬዛው ማኅበር ሹም ጋሽ አፈወርቅ የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው፤ ቃል ከአፋቸው የሚወጣው እንደ ማር ቀስ እያለ ነው። ከጎተራው ጀርባ አውጥተው አሳዩት፦ ሁለት የባሕር ዛፍ አጣና፣ በመካከሉ በጓሳ ሣር ገመድ የተንጠለጠለ የጠፍር አልጋ። በቃ።

«ይሄ ነው?» አለ መኳንንት። «ጋሽ አፈወርቅ፣ በዚህ ዘመን? ዓለም ጨረቃ ላይ ወጥቶ እኛ በገመድ?»

«ገመዱ እኮ መኳንንት...» ብለው ጀመሩ ሽማግሌው።

«ገመድ ይበጠሳል! ይተዉት ለእኔ። እኔ እሠራላችኋለሁ፤ የብረት፣ እንደ ሰው!»

አንድ ወር ሙሉ ሠራ። ጥሩሸዋ በር ላይ ቆማ እያየች «የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች አሉ። እኒያን ፈረንጆች ስትሰድብ ከርመህ አንተው መንኮራኩር ልትሠራ ነው?» አለችው። አልሰማትም። መሸከሚያዎቹን ካልጋው ጋር በየዳቸው፣ በመዶሻ ቢመቱ ንቅንቅ የማይሉ። ማሰሪያ ቀበቶ አደረገለት፤ ወድቆ የማይማር ሰው አይደለማ! ለፀሐይና ለዝናብ ከላሜራ ቆብ ሠራለት፣ ፊቱ ሾል ያለ፣ ብርማ ቀለም የተቀባ፣ በጎኑ ትንሽ መስኮት ያለው። አረፍ ሲሉ መሬት እንዳይነካ ደግሞ አራት እግር ተከለለት። አራቱንም በሜትር ለካቸው፤ አንዲት ሚሊ እንኳ አይበላለጡም። አራት የብየዳ ቤት ሠራተኞች አሸክሞ፣ ጥሩሸዋን በላዩ አስተኝቶ፣ ግቢውን ሦስት ጊዜ አዞራት። አንዴም አልተነቃነቀች። ግቢው ሲሚንቶ ነበር።

መንደሩ በእልልታ ተቀበለው። ቄሱ ባረኩት። ጋሽ አፈወርቅ ዙሪያውን ዞረው፣ እጃቸውን ብየዳው ላይ አሳልፈው፣ «መልካም ነው። ዳሩ ግን አቀበቱ ላይ...» ሲሉ መኳንንት ከአፋቸው ነጠቃቸው፤ ስለ ቀበቶው ማስረዳት ጀመረ። ሽማግሌው ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው ዘወር አሉ። የአሮጌው ቃሬዛ አጣና ለደወል ቤቱ ክዳን ተሰጠ።

የጽናት ወር ሲገባ መኳንንት መሐል ሜዳ መቀመጥ አልቻለም፤ ሳምንት ቀድሞ ወርዶ አማቹ ግቢ ሰፈረ። አጥር አደሰ፣ በር አስተካከለ፣ ያልተበላሸ ሞፈር ፈትቶ ገጠመ። የጽናት ባል ይሥሐቅ ደግ ልጅ ነው፣ ያሻውን ይሥራ ብሎ ተወው።

ምጡ ማክሰኞ ንጋት ላይ ጀመረ። ረፋድ ላይ የጤና ኬላዋ ልጅ መጥታ አየቻትና ፊቷን አጠቆረች። «እዚህ አይሆንም። ሆስፒታል ትሂድ፣ አሁኑኑ። ለአምቡላንሱ ደውያለሁ፣ አፋፉ ላይ ይጠብቃል።» ስምንት ሰው ወዲያው ተሰበሰበ። ጽናትን አስተኟት፣ ቀበቶው ታሰረ፣ ቆቡ ተከደነ። ሴቶቹ «ማርያም በሽልም ታውጣሽ!» እያሉ ሸኟቸው። ጋሽ አፈወርቅ ትከሻቸው ላይ አንድ ጥቅል የጓሳ ገመድ ጣል አድርገው ከኋላ ተከተሉ። ገመዱን ለምን እንደያዙት የጠየቃቸው የለም።

ሜዳው ላይ እንደ ተባለው ሄደ። መኳንንት ልቡ ሞላ። ከዚያ አቀበቱ ጀመረ።

የፊተኞቹ ከፍ፣ የኋለኞቹ ዝቅ ሲሉ ብረቱም ከነአልጋው አብሮ አዘነበለ። ጽናት ወደ እግርጌ መንሸራተት ጀመረች፤ ቀበቶው ወደ ላይ ተሳበና ሆዷ ላይ አረፈ። ከቆቡ ውስጥ ጮኸች። «አባዬ! ማሰሪያው! ገደለኝ፣ ፍቱልኝ!» ፈቱላት። ስትፈታ ደግሞ ተንሸራትታ ጉልበቷ ከብረቱ ጋር ተጋጨ። «አውርዱ፣ አውርዱ!» አለ ይሥሐቅ። አወረዱ። አራቱ እኩል እግሮች ድንጋዩ ላይ አረፉ፤ ሁለቱ መሬት አገኙ፣ ሁለቱ አየር ላይ ቀሩ። ቃሬዛው ወደ ገደሉ ዘመም አለ። ሦስት ሰው ተወርውሮ ባይዘው ኖሮ ጽናት ከነ መስኮቷ ሄዳ ነበር።

መኳንንት ያዘመመውን ቃሬዛ ትኩር ብሎ አየ። ያቺ የፊልሟ መንኮራኩር ታየችው፤ የገዛ ድምፁንም ሰማው፦ ያደገው ሲሚንቶ ላይ ነው። ማንም አልሳቀበትም። ቢስቁበት በወደደ ነበር።

ጽናትን ከቃሬዛው አውጥተው ጋቢ ላይ አስተኟት። ላብ በላብ ሆናለች። መኳንንት ወደ ሽማግሌው ዞረ። «ጋሽ አፈወርቅ፣ ምን ላድርግ? ይንገሩኝ።»

«አልጋው ከመሸከሚያዎቹ ይለይ» አሉ፣ ያው እንደ ልማዳቸው ቀስ ብለው። «በገመድ ይንጠልጠል። አቀበት ላይ የፊቱን ገመድ ታስረዝማለህ፣ የኋላውን ታሳጥራለህ፤ ቁልቁለት ላይ ደግሞ በተገላቢጦሽ ታደርጋለህ። ተራራው ያዘንብል እንጂ የታመመ ሰው አያዘነብልም።»

መኳንንት መጋዙን ከቦርሳው አወጣ። አራት ቦታ መቁረጥ አለበት፤ አራቱም የራሱ ብየዳ። እስከ ምጽአት አይለቅም ያለው ብየዳ አልለቅ አለ! ይገዘግዛል፣ ጽናት ታቃስታለች፤ ይገዘግዛል፣ ጽናት ታቃስታለች። ሁለተኛው ላይ መዳፉ ተላጠ። «ይሥሐቅ፣ ተቀበለኝ! በናትህ ቶሎ በል!» በየተራ ገዘገዙ። በዕድሜው እንደዚያን ቀን ደካማ በያጅ መሆን ተመኝቶ አያውቅም። አራተኛው ሲለቅ ቆቡን በሁለት እጁ መንጭቆ ነቀለና በንዴት ወደ ገደሉ ወረወረው። ያ ብርማ ላሜራ በፀሐይ እያንጸባረቀ፣ እየተንሳፈፈ ወረደ።

«በረረች!» አለ ከተሸካሚዎቹ አንዱ ሳያስበው።

ጽናት በዚያ ሁሉ ጣር መሃል ሳቀች። አጭር ሳቅ ናት፣ ወዲያው ምጡ ዋጣት፤ መኳንንት ግን ያቺን ሳቅ ሲሰማ ፊቱን ወደ ድንጋዩ አዙሮ አለቀሰ።

ሽማግሌው ገመዱን አሰሩ። መኳንንት «ቶሎ! ቶሎ!» ሊል አፉን ሲከፍት፣ ቀና ብለው አዩት። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» አሉት። አፉን ዘጋ። አልጋው ተንጠለጠለ፣ ሸክሙ ተነሣ። ጋሽ አፈወርቅ ከጎን ከጎን እየሄዱ የፊቱን ሲያላሉ፣ የኋላውን ሲስቡ፣ ጽናት ሜዳ ላይ እንደተኛች ሆና ወጣች።

በመንገድ ላይ መኳንንት ጠጋ ብሎ ጠየቃቸው። «ያውቁ ነበር፤ ገመዱን የያዙት ለዚህ ነው።»

«አዎን፣ አውቅ ነበር።»

«ታዲያ ምነው ሳይነግሩኝ?»

ሽማግሌው እርምጃቸውን ሳይቀንሱ መለሱ። «ሁለት ጊዜ ጀመርኩልህ፤ ሁለቱንም አንተ ጨረስከው፣ ልጄ። ለሌላው እነግረዋለሁ ብል ደግሞ መንደሩ በብረቱ ሰክሯል፤ የሽማግሌ ቅናት ነው ባሉኝ ነበር። ጥፋቱ የእኔም ነው። መጮህ ነበረብኝ፣ ጩኸት አላውቅም።»

 ልጄን በአፌ ልገድላት ነበር አለ መኳንንት በሆዱ፤ ይህም ሐሳብ እስከ አፋፉ ድረስ እንደ ሸክም አብሮት ወጣ።

አምቡላንሱ ቆሞ ይጠብቅ ነበር። ጽናት ሆስፒታል በደረሰች በአንድ ሰዓት ውስጥ ወለደች፤ ሴት። ሐኪሟ ወጥታ «ሌላ ግማሽ ሰዓት ብትቆዩ ኖሮ...» ብላ ተወችው። መኳንንት የቀረውን ለመስማት አልጠየቀም።

በሰማንያ ቀኗ የሕፃኗ ክርስትና ሲሆን መንደሩ ተሰበሰበ። ከድንኳኑ ጥግ፣ መጋዙንና ፒንሳውን ሳይዝ ባዶ እጁን፣ መኳንንት ከጋሽ አፈወርቅ እግር ሥር በርጩማ ስቦ ተቀመጠ። «አዲስ ቃሬዛ ልሠራ ነው። ከመጀመሪያው ይንገሩኝ» አላቸው።

«ከመጀመሪያው?»

«ከመጀመሪያው።»

ሽማግሌው ብርሌያቸውን አስቀመጡ። «እንግዲህ የአባቴ አባት፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ አንዲት ዳልቻ በቅሎ ነበረቻቸው...» ብለው ጀመሩ። በቅሎዋ ከማን እንደተገዛች፣ በየት በኩል እንደመጣች፣ ጠባይዋ እንዴት እንደነበረ ተናገሩ። ቃሬዛው ገና ሩቅ ነው። የመኳንንት ጉልበት ከሥር ይርገፈገፍ ጀመር። አንድ ጊዜ አፉን ከፈተ፣ ዘጋው። ሁለተኛም ከፈተ፣ ጥሩሸዋ ከወዲያ ማዶ ዓይኗን ጣለችበት፣ ዘጋው። ጋሽ አፈወርቅ ትንፋሽ ሊወስዱ ቆም አሉ፤ ሕፃኗ እናቷ ጉያ ውስጥ ስትጠባ ይሰማል።

«ከዚያስ?» አለ መኳንንት።