ወገቤን ያየችልኝ መንገደኛ

ይህ የሆነው የእኛ ሚሌኒየም ሊገባ አንድ ዓመት ገደማ ሲቀረው ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ረስቻለሁ፤ ያን ቀን ግን አልረሳውም። በወገቤ ምክንያት ብቻ አይደለም። ለማላውቃት ሴት የተናገርኩት አንድ ክፉ ቃል ስላለ ነው።

ስሜ ዘነበች ነው። ሞያሌ ውስጥ፣ በኬንያ በኩል፣ አነስተኛ ምግብ ቤት አለኝ። የምመግበው ሾፌሮችን፣ የከብት ነጋዴዎችንና ድንበሩን ለጉዳይ የሚሻገሩ ሰዎችን ነው። አማራውም ቦረናውም የጋሪ ጎሳ ሰውም "ማማ ዘነቡ" ይሉኛል።

ሞያሌ ውሃ ችግር ነው። በዚያን ጊዜ በአህያ ጋሪ እየዞሩ ከሚሸጡት ነበር የምንገዛው። አንድ ጠዋት ባለ ሃያ ሊትር ጀሪካን ከጋሪው ላይ ጎትቼ ሳወርድ ወገቤ ላይ ቀጭ የሚል ነገር ተሰማኝ። እዚያው ቁጢጥ ብዬ ቀረሁ። በሳምንቱ ቀለል ሲለኝ ረሳሁት። ከወር በኋላ ተመልሶ መጣና ለሁለት ዓመት አልለቀቀኝም። ከወገቤ ይነሣል፣ በግራ መቀመጫዬ በኩል አድርጎ እስከ ባቴ ይወርዳል። ድስት ለማውጣት ጎንበስ ማለት ቀርቶ ማስነጠስ እንኳ እፈራ ነበር።

ያልሞከርኩት ነገር የለም። ክኒኑን ዋጥኩ፣ መርፌውን ተወጋሁ። ወደ ኢትዮጵያ በኩል ተሻግሬ ወጌሻ ዘንድ ሄድኩ፤ በቅቤ አሽተው ሲጎትቱኝ ሁለት ቀን ደህና ሆንኩ፣ በሦስተኛው ቀን ባሰብኝ። ጸበል ተጠመቅኩ፤ ልቤ አረፈ፣ ወገቤ ግን እንደነበረው ነው። ኦዳ በሚባል መንደር ያሉ አንድ ሽማግሌ በጋለ ብረት ሦስት ቦታ ተኮሱኝ፤ ጠባሳው ዛሬም አለ። ሰፊ የወገብ ቀበቶ አስመጥቼ ታጠቅኩ፤ እሱም ሲታጠቁት ደግፎ ሲፈቱት የሚጥል ሆነብኝ።

በመጨረሻ ራጅ ተነሣሁ። ያየኝ ሐኪም "ዲስክሽ ተንሸራቷል፤ በዚሁ ከቀጠለ ኦፕራሲዮን ሊያስፈልግሽ ይችላል" አለኝ። "ሊያስፈልግሽ ይችላል" ነው ያለው። እኔ የሰማሁት ግን "ትቀደጃለሽ" የሚለውን ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ተኛሁ። ሰው ሁሉ "አትነቃነቂ፣ ጠንካራ ነገር ላይ ተኚ" ስላለኝ ፍራሹን አስነሥቼ ጣውላ ላይ አራት ወር ተኛሁ። ምግብ ቤቱን ታናሽ እህቴ አስናቀች ያዘችው። ደንበኞቼ በልተው ሲወጡ በበሩ አንገታቸውን ብቅ እያደረጉ "ፖሌ ማማ" ይሉኛል፤ አይዞሽ እንደማለት ነው በስዋሂሊ። መጀመሪያ ደስ ይለኝ ነበር። በኋላ ድምፃቸውን ስሰማ ፊቴን ወደ ግድግዳ ማዞር ጀመርኩ።

እህቴ የኔ ነገር ከበዳት መሰለኝ አንድ ቀን "እንዲህ ተኝቶ ከመኖር ናይሮቢ ሄደሽ ይቅደዱሽና ይለይልሽ" አለችኝ። ተስማማሁ። በሰፈራችን ግን ወገቡን የተቀደደ ሰው ዳግመኛ አይነሣም ይባል ነበር። እኔም አመንኩ። የሳጥኔን ቁልፍ ለአስናቀች ሰጠሁ። ሥራውን እንዳታቋርጥ ብዬ ብቻዬን ለመሄድ ቆረጥኩ። ጎረቤቶቼን አንድ በአንድ ይቅር በሉኝ ብዬ ተሰናበትኩ።

ያሳፈረኝ ሁሴን የሚባል የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ የቆየ ደንበኛዬ ነው። መንገዱ ያኔ አስፋልት አልነበረውም። ጋቢና ውስጥ ከስሬ ሦስት ትራስ አድርጎ በጠዋት ይዞኝ ወጣ። ሌሎቹ ተሳፋሪዎች ከላይ ጭነቱ ላይ ነበሩ። ጉድጓድ ውስጥ በገባን ቁጥር ጥርሴን ነክሼ እመቤቴን እጠራለሁ።

የሶሎሎ መገንጠያን ትንሽ እንዳለፍን ከኋላ ጓ የሚል ድምፅ ተሰማ። ጭነቱን የሚሸከመው ባሌስትራ ተሰብሯል። ሁሴን በሚያልፍ መኪና ሌላ እንዲያመጣ ረዳቱን ወደ ሶሎሎ ላከና ተሳፋሪውን ሁሉ ውረዱ አለ። ፀሐዩ በርትቶ ጋቢናው እንደ ምድጃ ሲሆን እኔም ለመውረድ በሩን ከፈትኩ።

አንዱን እግሬን መወጣጫው ላይ አድርጌ ሌላውን ላወርድ ስል ወገቤ ተቆለፈ። ወደ ላይም ወደ ታችም የለም። በሩን በሁለት እጄ እንደያዝኩ ተንጠልጥዬ ቀረሁ። ሰው ተሰበሰበ። አንዱ "ጎትታችሁ አውርዷት" ይላል፣ ሌላው "መልሳችሁ አስገቧት" ይላል። ያኔ ሁሉም ፊት አለቀስኩ።

ከመካከላቸው ጥቁር ሻሽ ያሰረች፣ ሠላሳ ዓመት የሚሆናት ቦረና ሴት መጣችና ትከሻዋን ከብብቴ ሥር አስገባች። "ማንም አይንካት" አለች። ከዚያ ለኔ ቀስ ብላ "ተንፍሺ ማማ። ክብደትሽን ለኔ ስጪኝ። ፖሌ ፖሌ፣ ቀስ በይ" አለችኝ። የምንነጋገረው በኦሮምኛ ነበር። ስንት ደቂቃ እንደፈጀ አላውቅም፣ እግሬ መሬት ነካ። ሁሴን ከግራር ጥላ ሥር ሸራ አነጠፈልን።

"ስሜ ቱሜ ነው" አለችኝ። "ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። ማርሳቢት ክሊኒክ ውስጥ እንዳንቺ ወገባቸውን የሚያማቸውን ሰዎች ነው የማሠራው። ልይሽ?"

ምን እንደሆነች በደንብ ሳይገባኝ እሺ አልኩ። ያኔ ጥያቄ ጀመረች። "ሽንትሽ ያመልጥሻል? ወይስ አልወጣ ይልሻል? ሰገራስ? ጭንሽ መሀል፣ መቀመጫሽ አካባቢ ይደነዝዝሻል?" የተሰበረውን መኪና የሚያዩት ወንዶች አምስት እርምጃ እንኳ አይርቁም። እኔ ሁልጊዜ ወጥ የማወጣላቸው ሰዎች ናቸው። ፊቴን በነጠላዬ ሸፈንኩ። ሁሴን ጨዋ ሰው ነው፤ ያልሰማ መስሎ "ኑ እስቲ ጎማውን በዚያ በኩል እንየው" ብሎ ሁሉንም ይዟቸው ሄደ።

"አይታፈርበትም" አለችኝ ቱሜ። "ይህን የምጠይቅሽ ለወሬ አይደለም። ከነዚህ አንዱ ካለብሽ ዛሬውኑ መኪና ለምነን ሆስፒታል ነው የምንሮጠው።"

አንዱም የለብኝም። ትኩሳት፣ ያለ ምክንያት መክሳት፣ ወድቆ መሰበር እንዳለም ጠየቀች። እግሬን እያነሣች አየች፤ በእግሬ አውራ ጣት እጇን እንድገፋ አደረገች። ጨርሳ ተቀመጠችና "እኔ ሐኪም አይደለሁም፣ ራጁንም ሐኪም ይየው" አለች። "ግን እግርሽ ጉልበት አለው። እንዳንቺ ያለ ሕመም ያለበት አብዛኛው ሰው ሳይቀደድ ይሻለዋል። ከቢላዋው በፊት የሚሞከር ብዙ ነገር አለ። አሁን በሆድሽ ተኚልኝ፤ ከዚያ ትነሺና እንራመዳለን።"

መራመድ ስትል ነደደኝ። አራት ወር ሙሉ አትነቃነቂ ስባል ኖሬ፣ ገና አሁን በር ላይ ተሰቅዬ ወርጄ፣ ይቺ ልጅ በበረሃ ተራመጂ ትለኛለች? "ሰው እንዲህ ሲቃጠል ነይ እንዙር ይባላል?" ብዬ ጮህኩባት። "አንቺ ጤነኛ ነሽ። ሰው ሲሰቃይ ምን እንደሚመስል በምን ታውቂዋለሽ? ሕመም ቤትሽ ገብቶ ቢያውቅ ኖሮ እንዲህ አትይም ነበር።"

ዓይኗ መሬት ላይ ትንሽ ቆየ። እኔ ያፈረች መስሎኝ ነበር። ከዚያ ሻሿን አስተካክላ "እሺ" አለች። "ካልፈለግሽ አላስገድድሽም። ባሌስትራው እስኪመጣ ግን ሌላ ሥራ የለንም።"

እውነቷን ነበር፤ ሌላ ሥራ አልነበረንም። ጥቂት ቆይቼ እንደ ኩርፊያ በሆዴ ተኛሁ። በክርኔ ደረቴን ቀና እንዳደርግ አሳየችኝ። "ሕመሙ ከባትሽ እየሸሸ ወደ ወገብሽ ከተሰበሰበ ጥሩ ነው። ወደ ታች ከወረደ ንገሪኝ፣ እናቆማለን" አለችኝ። አሥር ጊዜ ቀና፣ አሥር ጊዜ ዝቅ። ከዚያ ዕረፍት። እንደገና። ወገቤን ጭንቅ አለው፣ ባቴ ግን ሁለት ዓመት ይዞት የነበረውን ነገር ለቀቅ አደረገው። አላመንኩም፤ በእጄ ዳሰስኩት።

ፊት ለፊታችን አንድ ኩይሳ ነበር፣ ሃምሳ እርምጃ ያህል ይርቃል። ክንዴን ይዛኝ እስከዚያ ሄድንና ተመለስን። ጥቂት አርፈን እንደገና ሄድን። ስንራመድ ታስረዳኛለች። ወገብ እንደ ሸክላ ሲነኩት የሚሰበር ነገር አይደለም አለች። ሲተኛ ጡንቻው ይሰንፋል፤ ጡንቻው ሲሰንፍ ሕመሙ ይጨምራል፤ ሰውየው የበለጠ ይፈራና የበለጠ ይተኛል። "ክኒኑም መታሸቱም ትኩስ ውሃውም መጥፎ አይደለም" አለች፤ "እንድትንቀሳቀሺ ካገዘሽ ጥሩ ነው። ብቻውን ግን አያቆምሽም።" በአራተኛው ዙር ክንዴን ለቀቀች። ከሰዓት በኋላ ባሌስትራው ሲደርስ እኔ ከኩይሳው ብቻዬን እየመጣሁ ነበር።

ቱሜ ከላይ ጭነቱ ላይ ልትወጣ ስትል ሁሴን ጋቢና ከኔ ጎን እንድትቀመጥ ለመናት። እሷ ዕቃዋን ልታመጣ እንደሄደች ሁሴን ወደኔ ጠጋ ብሎ "ማማ ዘነቡ፣ ያን ነገር ባትናገሪያት ጥሩ ነበር" አለኝ።

"ምኑን?"

"ሕመም ቤትሽ አልገባም ያልሻትን። መንገድ ላይ፣ ጎልቦ ከሚባለው ሰፈር ነው ያሳፈርኳት። አባቷን ከቀበረች ዛሬ አራተኛ ቀኗ ነው። ሰውየው ዓመት ሙሉ ታሞ ነው የሞተው፤ ከሥራዋ ፈቃድ ወስዳ ስታገላብጠው የኖረችው እሷ ናት።"

የት ልግባ። ጥቁር ሻሿን ከመጀመሪያው አይቼዋለሁ፤ አንድም ጊዜ ለምን ብዬ አልጠየቅኩም። ጋቢና ገብታ ከጎኔ ስትቀመጥ ይቅርታ ልላት ፈለግኩ፤ ቃሉ ከአፌ አልወጣ አለ። እሷ ግን ትራሱን አንሥታ ከወገቤ ጀርባ አስተካከለችልኝና እንቅልፍ ወሰዳት።

ናይሮቢ አልሄድኩም። ማርሳቢት ወርጄ አንዲት የአገር ልጅ ዘንድ አረፍኩ። ቱሜ የምትሠራበት ክሊኒክ ያለው ሐኪም ራጄን አየና "ሦስት ወር በእንቅስቃሴ እንሞክረው፤ ካልሆነ ኦፕራሲዮኑ የትም አይሄድም" አለኝ። ቱሜ በሳምንት ሦስት ቀን ታሠራኝ ጀመር። ቀላል አልነበረም። ሁለት ጊዜ ሕመሙ ተመልሶ አልጋ ላይ ጥሎኝ ልተወው ነበር። ሁለቱንም ጊዜ ያረፍኩበት ቤት ድረስ መጥታ አስነሣችኝ። ዕቃ ከመሬት እንዴት እንደሚነሣ፣ ጉልበት ታጥፎ ዕቃው ከሰውነት ተጠግቶ፣ እንደ ሕፃን ልጅ አስተማረችኝ።

ሦስቱ ወር ሲያልፍ ያለ ኦፕራሲዮን ተሻለኝ፤ ወደ ሞያሌ ልመለስ ስል በልቤ የያዝኩትን አወጣሁት። "በዚያን ቀን ስለ ቤትሽ የተናገርኩት እንደ እሾህ ሆኖብኛል። አላወቅኩም ነበር፤ ግን አለማወቄ አያድነኝም። ይቅር በዪኝ" አልኳት።

ቱሜ ፈገግ አለች። "ማማ፣ የዚያን ቀን መኪናው ላይ የወጣሁት ወዴት እንደምሄድ እንኳ ሳላስብ ነው" አለችኝ። "አባቴን ሳገላብጥ ኖሬ በድንገት እጄ ባዶ ሆኖ ነበር። አንቺ በር ላይ ስትንጠለጠዪ ነው እጄ ምን እንደሚሠራ ያስታወሰው። ብትቆጪኝም የምነካው ሰው ሰጠሽኝ። ሳልቀየምሽ ነው የዋልኩት።"

እኔ አለቀስኩ፤ እሷም አለቀሰች። ለአባቷ ስታለቅስ ሳያት የመጀመሪያዬ ነበር። ሁለታችንም አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠን እስኪበቃን አለቀስን።

ዛሬ ወገቤ እንደ ኮረዳ ነው አልልም። ብርድ ሲሆንና ሥራ ሲበዛ ያመኛል። ሲያመኝ ግን እንደ ድሮው አልደነግጥም፤ ምን እንደማደርግ አውቃለሁ። ለሁሉም ሰው እንደኔ ይሆናል ማለት አይደለም፤ ኦፕራሲዮን የግድ የሚሆንበት ሰው እንዳለ ሐኪሙ ነግሮኛል። እኔ የማዝነው ሳልጠይቅ ስለተኛሁባቸው አራት ወራት ነው።

የዚያ ቃል ነገር ግን፣ ይቅር ተብዬም ቢሆን፣ አልወጣልኝም። ምግብ ቤቴ የሚገባ ሰው ሲያመናጭቀኝ መልስ ከመስጠቴ በፊት ከየት እንደመጣ እጠይቀዋለሁ። አንዳንዱ ዝም ይለኛል። አንዳንዱ ግን ተቀምጦ ይነግረኛል።