አምስት ዲግሪ ያለችው ሳጥን

ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ አልተናገርኩም። ጾም መሻሬን፣ ቁጣዬን፣ ሐሜቴን ሁሉ ነግሬያቸዋለሁ፤ ይህን ግን ፊታቸው ተንበርክኬ ዋጥኩት። እናንተ የምታነቡኝ፣ ለእርሳቸው ያልነገርኩትን ስሙኝ።

ላሊበላ ውስጥ በአንድ የቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛ ኤሌክትሮኒክስ አስተምር ነበር። ማስረዳት እወዳለሁና በቅድሚያ ላስረዳ። አንድ መሣሪያ ከባዶ ስትሠሩ ጊዜያችሁን የሚበላው አንጎሉ ነው፤ ፕሮሰሰሩ፣ ሜሞሪው፣ የሁለቱ መስመር አዘረጋግ። ይህ ሁሉ ግን ተሠርቶና ፋብሪካ ውስጥ ተፈትኖ፣ የክብሪት ቀፎ በምታህል ቦርድ ላይ ተገጥሞ ይሸጣል። ሞጁል ይባላል። እናንተ የምትሠሩት ሞጁሉ የሚሰካበትን ቦርድ ብቻ ነው። እኔም የክትባት ማቀዝቀዣን ሙቀት እየለካች ለወረዳ በስልክ መልእክት የምትልክ ሳጥን እንዲህ አድርጌ ሠራሁ። ዓመት የሚፈጀውን በስድስት ሳምንት ጨረስኩ።

የተረፈኝን ጊዜ ታዲያ ምን አደረግኩበት? ፋብሪካው የፈተነው ሞጁሉን ነው፤ የራሴን ቦርድ መፈተን የኔ ፋንታ ነበር። አልፈተንኩም። ከዞን እንግዶች «ምርጥ ተሞክሮ» ሊጎበኙ ይመጣሉ ተባለ። የሙቀት መለኪያው ሶኬት ስለሚላላ፣ ቁጥሩ አልፎ አልፎ ይጠፋ ነበር። በእንግዶች ፊት እንዳላፍር አራት መስመር ፕሮግራም ጨመርኩ፤ መለኪያው ካልመለሰ የመጨረሻውን ቁጥር ድገም የሚል። እንግዶቹ አጨበጨቡ። አራቱን መስመር በኋላ አጠፋቸዋለሁ ብዬ ነበር። አላጠፋኋቸውም።

ሳጥኗ ከሙጃ ወጣ ብሎ ባለ ጤና ኬላ ተሰቀለች። የኬላው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ወርቄ ትባላለች። ጠዋትና ማታ ቴርሞሜትሩን አይታ በወረቀት ትመዘግብ ነበር። ስሰቅል አየችኝና ሳቀች።

«መምህር፣ ተተኪዬን አመጣሁ በሉኛ! ደመወዜንም ትወስዳለች?»

«እሷ እንኳ እንዳንቺ አትሳሳትም» አልኳት። ቀልዴ ነበር።

ክረምት ገባ፤ ጭጋጉ አልገለጥ ሲል በፀሐይ ኃይል የሚሠራው ማቀዝቀዣ ደከመ። ክትባት ከስምንት ዲግሪ ማለፍ የለበትም። ቴርሞሜትሩ አሥራ አራት አለ፤ ሳጥኔ አምስት። ወርቄ ልጆቻቸውን ያዘሉ እናቶችን መልሳ ክትባቱን አስወገደች። ከቀናት በኋላ ፀሐይ ወጣች፤ ማቀዝቀዣውም በረደ። ለምስክርነት የቀረው የእሷ ወረቀትና የእኔ ሳጥን መልእክት ብቻ ነበር።

ሁለቱ ስላልተስማሙ ወረዳው ሳጥኗን እንድመረምር ላከኝ። ክዳኑን ስከፍት የመለኪያው ሶኬት ወልቋል፤ አምስትን ስትደግም የከረመችው ለዚህ ነው። ብቻዬን ነበርኩ። በአውራ ጣቴ ገፋሁት፤ ቀጭ አለ። ክዳኑን ዘጋሁት።

በወረዳው ግምገማ ሰብሳቢው «ደኅና መድኃኒት ደፍተሽ፣ ወረቀት ሞልተሽ መጣሽ!» አላት።

«ይምርሐነ ክርስቶስ ወስዳችሁ አስምሉኝ!»

«መሣሪያ እያለ መሐላ ምን ያደርግልናል?»

ወደ እኔ ዞረች። «መምህር፣ የሠሯት አንቱ ነዎት። ሳጥኗ አትሳሳትም ወይ?»

«ሞጁሉ ፋብሪካ ተፈትኖ የመጣ ነው» አልኩ። ቃሉ እውነት ነው። የዋሸሁትም በዚሁ ቃል ነው።

እሷ ከሥራ ተባረረች። እኔ የምስጋና ወረቀት ተሰጠኝ።

ወጣት ነበርኩ ልበል? እሷም ወጣት ነበረች። ፈርቼ ነው ልበል? እሷስ አልፈራችም? ሶኬቱን የገፋሁት እኔ ነኝ። ማንም እጄን ይዞ አልገፋውም።

ባለፈው ዓመት ሙጃ ገበያ በርበሬ ዘርግታ አየኋት። ዞር ልል ስል ቀደመችኝ፤ ብድግ ብላ እጅ ነሣችኝ።

«መምህር፣ ያቺ ተተኪዬ ደኅና ናት?»

ጊዜው ያ ነበር። ሰውም ነበር፤ በሰው ፊት የወሰድኩትን ስሟን በሰው ፊት ልመልስላት እችል ነበር።

«ደኅና ናት» አልኳት። እኔም እንደ ሳጥኔ ያንኑ ደገምኩ።

እናንተን ይቅር በሉኝ አልልም። ይቅር ማለት የምትችለው እሷ ናት፤ እሷ ደግሞ የሶኬቱን ነገር ስለማታውቅ እስከ ዛሬ የራሷን ወረቀት ትጠራጠራለች።